ወሎን ለመሰናበት ደሴ ላይ የኮንትራት መኪና ከነሹፌሩ፦ ለሹፌሩ ከ10 10፣ ለመኪናው 6

ወሎ ውስጥ ዓመታት ሠርታችሁ ወደ አገራችሁ ልትመለሱ ነው እንበል። ከመሄዳችሁ በፊት የወደዳችኋቸውን ቦታዎች አንዴ ደግማችሁ ማየት ፈልጋችኋል። ምክሬ አጭር ነው። ደሴ ላይ የኮንትራት መኪና ከነሹፌሩ ያዙ፣ ጥቅል ጉብኝት አትግዙ። ጥቅሉ የተዘጋጀው ቦታውን አይቶ ለማያውቅ ሰው ነው፤ ብዙ ቦታ በትንሽ ጊዜ ያሳያል፣ ያስሮጣል። እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ "እዚህ ጋ ትንሽ እንቀመጥ" ስትሉት ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሰዓቱን ሳያይ፣ ሳይነጫነጭ የሚጠብቅ ሰው ነው።

ይህን የምለው ጎረቤቶቼን አጅቤ ዞሬ ስለመጣሁ ነው። ህንዳውያን ባልና ሚስት ናቸው። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ኖረው ኮንትራታቸው አለቀ። ህንዳዊ መምህር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ናቸው፣ አባቴ ራሱ ስለ ሒሳብ አስተማሪው ሲያወራ "የኛ ህንድ" እያለ ነው። እነዚህ ግን ከአስተማሪነትም አልፈው ጎረቤት ሆኑ። የሚስትየዋ አማርኛ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ለመከራከር ይበቃል። ቡና ሲፈላ ሳትጠራ ትመጣለች፣ በረካውን ሳትጠጣም አትነሳም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ወጥተው ነበር፣ ብዙ ሰው አይመለሱም ሲል ተመልሰው መጡ። እና "ባቲን፣ ሐይቅን፣ ላሊበላን አንዴ አይተን እንሂድ፣ አንቺም ነይ" ስትለኝ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። አዲስ ቦታ አንፈልግም ብለው ቁርጡን ነግረውኛል። የሚያውቁትን ብቻ።

መኪናውን ያገኘነው በሰው በሰው ነው። መናኸሪያ አካባቢ ያሉ ደላሎችም ያገናኛሉ፣ ግን የደላላው ድርሻ ዋጋው ላይ ይጨመራል፣ ሹፌሩንም ሳታዩት ነው የምትስማሙት። ለዚህ ዓይነት ጉዞ ከመኪናው ይልቅ ሰውየውን ነው ማየት ያለባችሁ። የኛ ሹፌር ከሃምሳ ዓመት ያለፉ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው የከባድ መኪና ረዳት ሆነው በአሰብ መስመር ተመላልሰዋል፤ ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ እስከ ሚሌ ያለውን መንገድ ኩርባ በኩርባ በቃላቸው ያውቁታል። አይሮጡም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ማርሽ ቀንሰው፣ በፍሬን ብቻ ሳይሆን በሞተር ይዘው ነው። ከኋላ ጥሩምባ የሚነፋባቸው ቢኖርም ዳር ይዘው ያሳልፉታል እንጂ አይወዳደሩም።

መኪናዋ፣ ዶልፊን ሚኒባሷ፣ ግን ነገር አለባት። የኋላ ወንበር ቀበቶ የለውም፣ ተቆርጧል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ የወሎ መንገድ ገደል ነው። ለጋሼም በግልጽ ነገርኳቸው፤ "ልክ ነሽ ልጄ፣ ባለቤቱን እነግራለሁ" አሉኝ፣ መኪናዋ የሳቸው አይደለችም። ከመስማማታችሁ በፊት ገብታችሁ ቀበቶውን ሳቡት፣ ትርፍ ጎማውንም እዩት። ሒሳቡን ሲነጋገሩም ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ነዳጁ በማን ነው? የሹፌሩ አልጋና ምግብስ? መኪናው ቆሞ የሚውልበት ቀን እንደ ሙሉ ቀን ነው የሚታሰበው ወይስ ይቀንሳል? እኛ ነዳጁ በእሳቸው፣ አልጋና ምግብ በኛ ብለን ጨረስን፣ የቆመበት ቀን በግማሽ። ነዳጅ ሰልፍ ስላለ ከዋዜማው እንዲሞሉ መንገርም አትርሱ፣ አለዚያ የጉዞው ጠዋት ማደያ በር ላይ ያልቃል።

ባቲ ሰኞ ነው። የባቲ ገበያ ማለት ሰኞ ማለት ስለሆነ ዕቅዱን ሁሉ ከሰኞ ጀምራችሁ አውጡ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ባቲ ከሷ ወደ 1000 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ከቤት ጋቢ ደርቦ የወጣ ሰው ባቲ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ገበያው ደጋና ቆላ የሚገናኝበት ነው። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ ይመጣል፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው እህሉን፣ ሸቀጡን ይዞ ይወጣል፤ አንዱ ሻጭ በሦስት ቋንቋ ሲከራከር ትሰማላችሁ። ከሙዚቃው አራት ቅኝቶች አንዱ በዚህች ከተማ ስም ይጠራል። ገበያው መሐል ትንሽ ቆማችሁ ያንን የድምፅ ትርምስ ከሰማችሁ ለምን እንደሆነ አይገርማችሁም።

ባልየው ባቲን የሚወደው ለግመሉ አይደለም። ለሻይ ቤቱ ነው። ከገበያው ወረድ ብሎ ባለች ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ሻይ በቅርንፉድና በሄል እየጠጣ፣ የምስር ሳምቡሳ እየበላ፣ የሚያልፈውን ሰው ማየት ነው የሱ ባቲ። ሳምቡሳ የሱም አገር ምግብ ነው፣ የባቲው ግን ይበልጥብኛል እያለ ለባለቤቲቱ ሲነግራት ሴትዮዋ ደስ ብሏት ሁለት ጨመረችለት፣ ሒሳብም አልተቀበለችም። ጥቅል ጉብኝት ቢሆን ኖሮ ግመል ገበያው ላይ ፎቶ አንስተን፣ ወደ መኪና ተብለን ነበር። እኛ እስከ 7 ሰዓት ድረስ እዚያች ዳስ ውስጥ ነበርን። ጋሼም ከጎናችን፣ ከድሮ የአሰብ መስመር ጓደኛቸው ጋር ተገናኝተው ወሬ ይዘው።

የባቲ ችግር አስጎብኚ ነን እያሉ የሚከተሉ ልጆች ናቸው። ገበያ መግቢያ ላይ ይጠብቃሉ፣ ፈረንጅ መሳይ ካዩ አይለቁም፣ ፎቶ ሲነሳ ክፈል ይላሉ። ጋሼ መጡና "እነዚህ ቱሪስት አይደሉም፣ የደሴ ሰዎች ናቸው" አሉ። ልጆቹ ለቀቁን። ሚስትየዋ ያንን ቃል ቀኑን ሙሉ ስትደጋግመው ዋለች። ፎቶን በተመለከተ ግን እናንተም ጠይቁ። በተለይ የግመል ባለቤቶችንና ሴቶችን ሳይጠይቁ ማንሳት ነውር ነው፣ ጠብም ያመጣል።

ስለ ምግብ ትንሽ ልናገር፣ ምክንያቱም ሥጋ የማይበላ ሰው ይዛችሁ የምትዞሩ ትኖራላችሁ። ጎረቤቶቼ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል አይነኩም። ወተትና ቅቤ ይበላሉ። ወሎ ለእንዲህ ዓይነት ሰው በጣም የሚመች አገር ነው፣ ግን አዘዛዙን ማወቅ ያስፈልጋል። ክርስቲያን ምግብ ቤት ገብታችሁ "የጾም" ካላችሁ በያይነቱ ይመጣል፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ዓሣን የጾም ብለው የሚያቀርቡ ብዙ ስለሆኑ "ዓሣም የለበትም አይደል?" ብላችሁ ጠይቁ። ሽሮ ስታዙ ቦዘና እንዳይሆን ተናገሩ፣ ሥጋ አለበት። ሙስሊም ምግብ ቤት ደግሞ ለቁርስ ፉል አለ። የኮምቦልቻ ፉል በትኩስ ዳቦ፣ በቃሪያና በሽንኩርት፣ ቅቤ ጠብ ብሎበት፣ እኔ ራሴ ለሱ ስል ከደሴ እወርዳለሁ። "ስፔሻል" ካላችሁ እንቁላል ይገባበታል፣ "ኖርማል" በሉ። ፈጢራም እንደዚያው ነው፣ እንቁላል እንዳይገባ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሐይቅ የሴትየዋ ቦታ ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በወልዲያ መንገድ። ሰው ወደ ሐይቅ የሚሄደው ዓሣ ለመብላት ነው፣ እሷ ደግሞ ዓሣ አትበላም፣ ግን ከወሎ ሁሉ የምትመርጠው እሱን ነው። ውሃው ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ ቁርስ አዘዝን። ስሙን አልጠራም፣ ግን ያስከፋኝን ልናገር። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ከኛ ሌላ ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ተይዞ፣ ትልቅ ስፒከር አውጥተው ዘፈን ለቀቁብን። ውሃው ጸጥ ብሎ፣ ወፉ እየጮኸ፣ ሰው ለዚያ ብሎ ነው የሚመጣው እኮ። ቀንሱልን አልን፣ ለአምስት ደቂቃ ቀነሱት፣ መልሰው ከፈቱት። ሒሳብ ላይም ያላዘዝነው ውሃ ተጨምሮ መጣ፣ ስንጠይቅ አወጡት። አስተናጋጇ ልጅ ግን ጨዋ ናት። ድንቹን ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት እንዳይጠብሱት ስንላት ራሷ ወጥ ቤት ገብታ ሌላ መጥበሻ አስጥዳ መጣች። የዚያ ቤት ባለቤት ያችን ልጅ ይያዛት፣ ስፒከሩን ይሽጠው።

ከዚያ ተነስተን ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድን። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት ገዳም ነው፤ የአገራችን መነኮሳትና ሊቃውንት ታሪክ ሲወራ ሐይቅን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል፣ በእግር ይገባል። ሴት አይገባም። ባልየው ገባ፣ ዕቃ ቤቱንና የብራና መጻሕፍቱን ዳግም አየ። እኔና እሷ ውጭ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ብዙ የውጭ ሴቶች በዚህ ይናደዳሉ፣ መብታቸው ነው። እሷ ግን እዚያ ዛፍ ሥር ያለውን ቦታ ነው የምትወደው። በየጊዜው ስትመጣ ባሏ እስኪወጣ የፈተና ወረቀት የምታርመው እዚያ ነበር። ገዳሙን የሚሳለሙ ሴቶችም እዚያው ያርፋሉ፣ ቆሎ ያወጣሉ፣ ከየት እንደመጡ ይጠያየቃሉ። የዚያን ቀን አንዲት ከአምባሰል የመጡ እናት አጠገባችን ተቀመጡ። "ይቺ ልጅ የማን ናት?" አሉኝ።

"ጎረቤቴ ናት እማማ፣ ህንድ ናት። አገሯ ልትገባ ነው።"

"እናት አባት አሏት?"

"አሉኝ እማማ" አለች ራሷ፣ በአማርኛ።

እናትየው ተገርመው እጇን ይዘው መረቁ። "በሰላም ግቢ፣ ደኅና አግኚያቸው፣ እኛንም አትርሺን" አሏት። ቆሎውን ከነፌስታሉ ሰጧት። እሷ አለቀሰች፣ እኔም። እንዲህ ያለውን ነገር የትኛውም አስጎብኚ ፕሮግራም ውስጥ ሊያስገባው አይችልም፤ የሚመጣው ሰው ሳይቸኩል ሲቀመጥ ብቻ ነው። ጋሼ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠብቀውናል። አንዴም ስልክ አልደወሉም።

ላሊበላ ረጅሙ ነው። ከደሴ በውጫሌ፣ በመርሳ አድርጎ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ የድልብን ዳገት ወጥቶ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ቀኝ ታጥፎ 64 ኪሎ ሜትር። ድልብ ላይ ጭጋግ ካለ እስኪገለጥ ቁሙ። ጋሸና ላይ ብርድ አለ፣ ጃኬት ከሻንጣ ሥር አትክተቱ። ይህ መንገድ በጸጥታው ምክንያት አንዳንዴ ይዘጋል፣ ስለዚህ በዋዜማው ወልዲያ ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ፣ የመናኸሪያ ሹፌሮችም መረጃ አላቸው። ጋሼ ሳይደውሉ አይነሱም። "መንገዱ ደኅና ነው" ካላሉም አይነሱም፣ ብር ብትጨምሩላቸውም።

አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከዚህ በፊት አይተዋል። በ1978 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዩኔስኮ መዝገብ ሲገቡ ከመጀመሪያዎቹ መሆናቸውን፣ ቤተ መድኃኔ ዓለም ትልቁ መሆኑን፣ ይህን ሁሉ ያውቁታል። ደግመው የፈለጉት ቤተ ጊዮርጊስን ብቻ ነው፣ በማለዳ። አስጎብኚ ያዝን፣ ፈቃድ ያለው፣ ዕውቀቱም ሙሉ ነው፣ ግን ከንጉሡ ልደት ጀምሮ መተረክ ያዘ። በአክብሮት ነገርነው፦ ታሪኩን ያውቁታል፣ ዛሬ ዝም ብለው ማየት ነው የፈለጉት። ትንሽ ደነገጠ፣ ከዚያ ገባው። ላሊበላ ያላችሁ አስጎብኚዎች ይህን ብታነቡ ልመናዬ ይኸው ነው፦ "ከዚህ በፊት መጥታችኋል ወይ?" ብላችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። ለተመላሽ እንግዳ የሚሆን ሌላ ነገር አላችሁ። እሱ ልጅ ለምሳሌ የእሑድ ቅዳሴ ላይ የት ቆመን ሰው ሳንረብሽ ማየት እንደምንችል፣ ነጠላችንን እንዴት እንደምንለብስ፣ ጫማችንን ለማን እንደምንሰጥ አሳየን። ከትረካው ሁሉ ያ ነው የጠቀመን።

ሆቴሉ አላስደሰተኝም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ከሰገነቱ የሚታየው ሸለቆም ልብ ይሰውራል። ግን የመኖሪያ ፈቃዳቸውን አሳይተው፣ ደመወዛቸውም በብር መሆኑን ተናግረው፣ የውጭ ዜጋ በዶላር ነው የሚከፍለው ተባሉ። ስንደውል እንደዚያ አልተባልንም ነበር። ባልየው ጭቅጭቅ አይወድም፣ ከፈለ። እኔ ግን እስካሁን ይቆጨኛል። ዓመታት የኛን ልጆች ያስተማረ ሰው በመጨረሻው ጉዞው እንዲህ መደረግ የለበትም። የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ሰዎች፣ ዋጋውን በስልክ ሳይሆን በቴሌግራም በጽሑፍ አስልካችሁ ያዙት።

ይምርሐነ ክርስቶስንም አየን። ዋሻ ውስጥ የተሠራ ነው፣ ከላሊበላዎቹ የሚቀድም፣ እንጨትና ድንጋይ በተራ በተራ እየተነባበረ የአክሱሞች ዓይነት ግንብ ያለው። ከላሊበላ ብዙ ሰው ሳይሄድበት ነው የሚመለሰው። ከመኪና ወርዶ የሚወጣው ዳገት ጉልበት ይፈልጋል፣ እንጂ እኔ ከሁሉ እሱን እመርጣለሁ።

የደሴው የመጨረሻ ቀን በሒሳባችን ውስጥ አልነበረም። ጋሼ ራሳቸው ናቸው "ጦሳን ሳታዩ?" ብለው የወሰዱን። ከጦሳ ተራራ ላይ ደሴ በሙሉ ትታያለች፣ ፒያሳው፣ ሸዋ በር፣ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ። የደሴ ሙዚየም በጦርነቱ ተዘርፏል፣ እሱን ሲያስቡ ሁለቱም ፊታቸው ጠቆረ፤ ድሮ ተማሪዎቻቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ከዚያ ወርደን ጀበናና ራከቦት ገዛን። ጀበናውን በልብስ ጠቅልለው በእጅ ሻንጣ እንዲይዙት መከርኳቸው፣ አንገቱ ነው ቶሎ የሚሰበረው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ነው የሄዱት፣ ኤርፖርት ያደረሷቸውም ጋሼ ናቸው፣ የዚያን ቀን ሒሳብ አልቀበልም ብለው።

እንዲህ ዓይነት ሹፌር ለማግኘት ቢያንስ ሳምንት ቀድማችሁ ተናገሩ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 29 ደግሞ ለላሊበላ ልደት ደሴ ላይ መኪና አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው እጥፍ ነው። ከእነዚህ ቀኖች ራቅ በሉ፤ ክረምቱም ለድልብና ለይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ አይመችም። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ነው፣ መስኩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡም አቁሟል። ቀበቶውን ግን ሳትስቡት እንዳትነሱ።